በካርቶን ወጥተው በካርቶን የተመለሱ

የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ከልጅ ልጄ ጋር ወደ የካ ተራራ ለመውጣት ጫማችንን እያሰርን ሳለ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ የብስኩት ካርቶን ታቅፋለች። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ይንጫጫል።

«ሲስተር፣ ዛሬም ወደ ዋሻው ሊወጡ ነው አይደል?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራኝ ሲስተር እያለ ነው። «እባክዎን እነዚህን ጫካው ጋ ይልቀቁልኝ። እዚህ ብተዋቸው መኪና ይፈጃቸዋል። መግደል ደግሞ ኃጢአት ነው። እዚያ አይጥም ወፍም አያጡም።»

ካርቶኑን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አራት የድመት ግልገሎች ናቸው። ሁለቱ ጥቁርና ነጭ፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ አራተኛዋ ደግሞ እንደ እናቷ ግራጫ መስመር ያላት። ዓይናቸውን ከገለጡ ሳምንታት አልፈዋል፤ ሥጋ መቅመስ የጀመሩ ይመስላሉ።

ውድ አንባብያን፣ እምቢ አላልኩም። ካርቶኑን ተቀበልኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ለምን እንዳላልኩ ግን እያደር እነግራችኋለሁ።

ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ የወጣ ያውቀዋል። የሾላ ገበያ ግርግርና የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ጥሪ ቀስ እያለ ከኋላ ይቀራል። ቤቶቹ ይሳሳሉ፣ መንገዱ ወደ ቀይ አፈርና ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ትንሽ ሲወጡ ከተማው በሙሉ እግር ሥር ይነጠፋል። እኔ በየመታጠፊያው እየቆምኩ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቴ ይዘላል።

በመንገዳችን ላይ የባህር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወረዱ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይበልጣል፤ ጎንበስ ብለው አፈሩን እያዩ ነው የሚራመዱት። አንዷ እናት ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። «እንደምን አደራችሁ» ስንላት ቀና ማለት ስላልቻለች እንዳጎነበሰች መለሰችልን። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ወገብ ስንቱን አክሜአለሁ።

ይህ ባህር ዛፍ የተራራው የጥንት ነዋሪ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አለቀና ከተማዋ ሌላ ቦታ ልትፈልግ ደርሳ ነበር። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ቶሎ አድጎ አዳናት። ከተማዋ ስትድን ግን ተራራው መልኩን ለወጠ። የሀበሻ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ወደ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና ወደ ገደላ ገደሉ ተጠጋ። ጥቅጥቅ ካለው ባህር ዛፍ ሥር ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ አይበቅልም። ሣር ከሌለ የዱር አይጥ አይበዛም፤ አይጥ ካልበዛ ደግሞ አይጥ አዳኙ ይርባል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ አገር በቀል ዛፎችን ሲተክል የኖረው ይህን ለመመለስ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ብዙ ቤተሰብ ወደ ተራራው እንዲመጣ አድርጓል።

ወደ ዋሻ ሚካኤል ሳንደርስ ባህር ዛፉ ሳሳ ብሎ ጽድና ቁጥቋጦ የሚጀምርበት ድንጋያማ ቦታ አለ። እዚያ ላረፍ ብዬ ስቀመጥ ልጁ ድንገት ደርቆ ቆመ።

«እማማ፣ ድመት!»

ከእኛ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የተቀመጠችበት አኳኋን የቤት ድመት አይመስልም። የፊት እግሮቿ ረዣዥም ስለሆኑ ደረቷ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ቀለሟ እንደ ደረቅ ሣር አመድማ ነው፤ መስመሮቿ ደብዘዝ ያሉ። ጆሮዋን ስታዞር ጀርባው ቀላ አለ። ጅራቷ ቀጭን ነው፤ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበቶች አሉት፣ ጫፉም ጥቁር ነው።

በዚህ መሃል ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ግልገሎች ጮኹ። ድመቷ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ወደ ካርቶኑ አዞረች። ሳትቸኩል ከድንጋዩ ወርዳ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባችና ጠፋች።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። «የማን ድመት ናት?»

«የማንም አይደለችም» ለማለት አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። እውነት የማንም ካልሆነች እነዚህን አራቱን እዚህ ለቅቄ ስሄድ ምን ይሆናል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አገራችን አራዊት ማንበብ እወዳለሁ። ብዙዎቻችን አንበሳና ነብር እንላለን እንጂ በአገራችን ሦስት ትንንሽና መካከለኛ የዱር ድመቶች እንዳሉ አናስብም። አንዱ አነር ነው፤ እግረ ረዥም፣ ጆሮ ትልቅ፣ ነጠብጣባም፣ ረዥም ሣር ውስጥ እየዘለለ አይጥ የሚይዝ። ሁለተኛው ካራካል ነው፤ ቀይ ቡና መልክ ያለው፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር የጸጉር ዘለላ የሚያበቅል፣ ደረቅ አገር የሚወድ። ሦስተኛዋ የአፍሪካ የዱር ድመት ናት። ዝባድ የምትሰጠን ጥርኝ ድመት ትመስላለች እንጂ ወገኗ ሌላ ነው።

የዱር ድመቷ ትንሽ አትሁን እንጂ አገሯ ሰፊ ነው። ከአፍሪካ ጥቅጥቅ ደኖችና ከሰሐራ እምብርት በቀር በአህጉሩ አብዛኛው ክፍል ትኖራለች፤ በዓረብ አገር አልፋም እስከ መካከለኛው እስያ ትደርሳለች። በእኛም አገር ከቆላው በረሃ ዳርቻ አንሥቶ እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ትገኛለች። የቅርብ ዘመዷ የአሸዋ ድመት በአገራችን የለችም፤ የምትኖረው በሰሐራ፣ በዓረብና በመካከለኛው እስያ በረሃዎች ነው። መዳፏ ሥር ጸጉር ስላለ የጋለው አሸዋ አያቃጥላትም፤ ውሃውንም ከምትበላው እንስሳ ታገኛለች።

ልጁን ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። በእኛ ምድጃ ዳር የምትተኛው ድመት የዚህችው የዱር ድመት ልጅ ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት በዓለም ያሉ የቤት ድመቶች ሁሉ ከዚህች ዝርያ እንደመጡ አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴትም ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ተከትላ ድመት መጣች። እንደ ውሻ ሰው አስሮ ያላመዳት ሳትሆን በራሷ እግር መጥታ የተቀመጠች እንግዳ ናት። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚሉት አበው ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የእንስሳትን የመጥፋት ስጋት የሚመዘግብበት ቀይ መዝገብ አለ። እኛ ሕመምተኛ ስንለይ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እንደምንለው እሱም ደረጃ አለው። አንበሳና ነብር «ተጋላጭ» በሚለው ውስጥ ናቸው። ቀይ ቀበሯችን ከዚያ ከፍ ባለው «ለመጥፋት የተቃረበ» በሚለው ውስጥ አለ። የአፍሪካ የዱር ድመት፣ አነር፣ ካራካልና የአሸዋ ድመት ግን «ዝቅተኛ ስጋት» በሚለው ውስጥ ናቸው። የአሸዋ ድመት ቀድሞ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ትመዘገብ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ዝቅ ተደርጋለች።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያ ምን አስጨነቀን?» ሊል ይችላል። በልየታ ክፍል ረዥም ዓመት የሠራ ሰው ግን አረንጓዴ ካርድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አረንጓዴ ማለት «ዛሬ ቀድሞ አይታይም» ማለት ነው። ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ፀጥ ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ የማይጮህ፣ የማይደማ ሰው አረንጓዴ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዞር ብለው ሲያዩት ከንፈሩ ገርጥቶ ይገኛል። ደረጃው ደግሞ ለመላው ዓለም የተሰጠ ነው። በቦትስዋና ሜዳ ብዙ የዱር ድመት መኖሩ የየካ ተራራዋን ድመት አያድናትም።

የዱር ድመት ሕመም ደግሞ ከውጭ የማይታይ ዓይነት ነው። ጥይት ወይም ወጥመድ ቢገድላት ሬሳው ይቆጠራል። እሷን የሚያጠፋት ዋነኛ ነገር ግን ጋብቻ ነው። የቤት ድመትና የዱር ድመት ዘመዳሞች ስለሆኑ ይዳቀላሉ፤ የሚወለዱትም ክልሶች መልሰው ይወልዳሉ። የዱሯ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ትወልዳለች። የቤቷ ገና ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት ማርገዝ ትችላለች፣ በዓመት ሁለት ሦስቴም ትወልዳለች። ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ ጫካው ውስጥ ድመት ይኖራል፤ የዱር ድመት ግን አይኖርም። ማንም አልገደላትም፤ ማንም አላለቀሰላትም።

ይህ በስኮትላንድ ደርሷል። የስኮትላንድ የዱር ድመት ዝርያዋ ከእኛዋ ትንሽ ይለያል፤ ታሪኳ ግን ይኸው ነው። ጫካው ተመነጠረ፣ አደን አሳነሳት፣ የቀሩት ጥቂቶች ከቤት ድመት ጋር ተዳቀሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት በዱር ያለችው ድመት በራሷ መቀጠል እንደማትችል ገለጸ። በ2023 እ.ኤ.አ. በአጥር ውስጥ የተራቡ 19 ድመቶችን ወደ ኬርንጎርምስ ተራሮች ለቀቁ። አንዲት የተለመደች ድመት መልሶ ለማግኘት ያን ሁሉ ዓመትና ያን ሁሉ ገንዘብ ጠየቀ። እኛ ገና ያልጠፋችብንን ካርቶን ይዘን እንወጣባታለን።

ዋሻ ሚካኤል ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብሏል። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለውን ያንን ዕድሜ የተጫነውን ቤተ መቅደስ ተሳልመን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሁሌ የማገኛቸው አንድ አዛውንት በትራቸውን ይዘው መጡ። ካርቶኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህንንም ለእኛ ነው ያመጣሽው፣ ልጄ?»

አፈርኩ። «አባ፣ ብዙ ሰው ያመጣል እንዴ?»

«ክረምቱ ሲወጣ ይበዛል። አንዳንዱ በማዳበሪያ ከረጢት፣ አንዳንዱ እንዲህ በካርቶን። ግማሹን ጅብ ይበላዋል። ግማሹ በብርድ ያልቃል። የተረፈው ጫካ ይገባል።»

«የዱር ድመትስ ያያሉ?»

«ዱሮ አንድ መልክ ነበሩ» አሉ፤ በበትራቸው ወደ ቁጥቋጦው እያመለከቱ። «እንደ አፈሩ፣ እንደ ሣሩ። ሰው ሲያዩ አይጠብቁም። አሁን ጥቁሩም ነጩም ዳለቻውም ይወጣል። እግሩ የዱር ሆኖ ደረቱ ነጭ ያለ አያለሁ። የማን እንደሆነ እንጃ።»

«የማን እንደሆነ እንጃ።» ልጁ ከአንድ ሰዓት በፊት የጠየቀኝን ሽማግሌው መለሱልኝ። አዛውንቱ ስለ ዘር ጥናት አላነበቡም፤ ግን ዓይናቸው ያየው ከመዝገቡ ይልቅ ግልጽ ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ድመቴ አምስት ወለደች። ሥራ የሚበዛብኝ ጊዜ ነበር። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር አንድ እሑድ ግልገሎቹን በዘንቢል ይዘን ወደዚሁ ተራራ ወጣንና ለቀቅናቸው። «እዚህ አይጥም ወፍም አያጡም» ያልኳት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ አድጋ፣ ወልዳ፣ ዛሬ ማለዳ ካርቶን ይዛ በሬ ላይ የቆመችው ናት። እኔ ያስተማርኳትን ቃል በቃል መለሰችልኝ። እምቢ ብላት «እርስዎስ?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ይሉኝታ የምንለው ነገር ስንት ጥፋት እንደሚያሸክመን!

በዚያ ዘመን እኔ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ እናቶችን ልጆቻችሁን አስከትቡ የምል ነበርኩ። የራሴን ድመት ግን አላስከተብኩም ነበር። የእብድ ውሻ በሽታን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ውሃ በኩባያ ሲቀርብለት ጉሮሮው የሚኮማተር፣ ነፋስ ፊቱን ሲነካው የሚደነግጥ ሕፃን አይቻለሁ። ቡችላ ነበር የቧጨረው፤ ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ማንም ቁብ አልሰጠውም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማድረግ የምንችለው እናቱን መያዝ ብቻ ነበር። የልጁን ስም ዛሬም አልረሳሁትም።

በሽታው ሰውን ብቻ አይደለም የሚገድለው። በባሌ ተራሮች ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከእረኞች ውሾች በተጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ረግፈዋል፤ በ1996ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አራት እጅ ሦስቱ ያህል አለቁ። በዓለም ላይ ያለው የጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ቁጥር ከ500 አይበልጥም። ስለዚህ የባሌ ባለሙያዎች የቀበሮውን ጥበቃ የጀመሩት ውሻውን በመከተብ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀመረ። ቀበሮው የዳነው በሰው ጓሮ ነው ማለት ይቻላል። በየካም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ከሰፈር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻና ድመት ወደ ጫካው በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ከጫካው ዳር የሚመለሰውም ወደ ልጆቻችን ነው።

ውሃ ከጠጣን በኋላ ልጁ ካርቶኑን አቀፈው። «እማማ፣ አንለቃቸውም አይደል?»

«አንለቃቸውም።»

መውረዱ ከመውጣቱ ይከብድ ነበር። ጉልበቴን አይደለም የምለው። ጎረቤቴ በር ላይ ካርቶኑን ይዤ ስቆም ምን እንደምል እያሰብኩ ነው የወረድኩት። በሯን ስትከፍት ገርሟት አየችኝ።

«ምነው ሲስተር፣ አልደረሳችሁም?»

«ደርሰናል። ያን ጊዜ ግን የተሳሳተ ነገር አስተምሬሽ ነበር» አልኳት። ቡና አፍልታ ተቀመጥን። ስለ ድንጋዩዋ ድመት፣ ስለ አዛውንቱ፣ ስለ ጅቡ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ «እና አራቱን ምን ላድርጋቸው?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ድመት አትጣሉ ማለት ቀላል ነው፤ ቤቱ ጠባብ፣ ኑሮው ውድ ነው።

ሁለቱን ጥቁርና ነጭ ወፍጮ ቤት ወሰዳቸው፤ የወፍጮ ቤት ሰው አይጥ ሲያስለቅሰው የኖረ ነውና ደስ ብሎት ተቀበለ። ብርቱካንማውን የዕድር ጓደኛዬ ለልጅ ልጇ ወሰደችው። ግራጫዋ እኛ ቤት ቀረች። እናቲቱን ጎረቤቴና እኔ ወጪውን ተካፍለን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደን አስመከንናት፤ በዚያው አስከተብናት። ሁለት ቀን ደከማት፣ በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ወጣች።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ በተለይ በፈረንሳይ፣ በጉራራ፣ በየካና በኮተቤ ከተራራው ሥር የምትኖሩ፣ ከዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። አቅም ያለው ድመቱን፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ያስመክን። ድመትም ውሻም ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገም። ድመት የምትዳቀለውና የምታድነው ይበልጥ በሌሊት ነውና ማታ ማታ ቤት ትዋል። ግልገል ሲበዛ ለወፍጮ ቤት፣ ለእህል ነጋዴ፣ ለዘመድ ይጠየቅ። ጫካ መጣል ግልገሉን ለጅብ፣ ጫካውን ለክልስ መስጠት ነው።

ተራራ ላይ የድመት ግልገል ብቻውን ተቀምጦ ስታገኙ ደግሞ ልጆቻችሁ እንዳያነሡት። የዱር ድመት እናት አደን ሄዳ ልጆቿን ደብቃ ትተዋለች፤ አንሥተን ብንወስድ ከእናቱ መቀማታችን ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና ማደን ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ድመትም ይሁን ውሻ ልጃችሁን ከነከሰው ወይም ከቧጨረው፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ፣ ወዲያው በውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ከዚያም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ፀበልም ጸሎትም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። ድሮ ፓስተር ሄዶ ለብዙ ቀን ሆድ ላይ መወጋትን የምታስታውሱ አያቶች ትኖራላችሁ። ዛሬ በክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ አለ፤ ያንን ፍርሃት ለልጆቻችሁ አታውርሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከልጁ ጋር እንደገና ወጣን። ግራጫዋን ቤት ዘግተንባት ነበር የሄድነው፤ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ እየተቆጣች ሸኘችን። አዛውንቱ ከሩቅ አይተውን «ዛሬስ ባዶ እጃችሁን ናችሁ?» ብለው ሳቁ። ጎረቤቴ የላከችላቸውን ዳቦ ሰጠናቸውና ለሌሎች ካርቶን ለሚያመጡ ሰዎች እንዲነግሩልን ለመንናቸው። «እነግራለሁ» አሉ። «ግን ሰው የሚሰማው የሚያውቀውን ሰው ነው። እናንተ ታች ንገሩ።» ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስንመለስ ያ ድንጋይ ጋ ቆም አልን። ድመቷ አልነበረችም። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከድንጋዩ ሥር ባለው ጭቃ ላይ ትናንሽ የመዳፍ ዱካዎች ነበሩ፤ ወደ ጽዱ ይሄዳሉ። የእሷ ይሁኑ የሌላ፣ የዱር ይሁኑ የክልስ፣ ከጭቃ ማንበብ አይቻልም። ልጁ ለረዥም ጊዜ አጎንብሶ አያቸው። ከዚያ በጫማው እንዳያጠፋቸው በድንጋዩ ዞሮ አለፈ፤ እኔም ተከተልኩት።